እጇን ሳልነካ የዘለልኩት መስመር

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴ አልተናገርኩም። ለንስሐ አባታችንም አልተናገርኩም፤ በፆም ስለቀመስኩት ቅቤ፣ ታናሽ እህቴን ስለመታኋት ለፍልፌ ለፍልፌ ይቺን ብቻ ጉንጬ ውስጥ ይዤ እነሣለሁ። "ሌላስ የለም ልጄ?" ይሉኛል። "የለም አባ" እላለሁ። ነበር እኮ! እናንተን ግን አላውቃችሁም፣ ፊታችሁንም አላይም፤ አፌ የተፈታልኝ ለዚህ ይሆናል። ወይም መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት ገና ዘንድሮ ስለሆነ ይሆናል። ሳወራው የሚያንቀኝ ነገር ስጽፈው ይወርድልኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ደስ ይላል። ጥፋትን እየጻፉ ደስ መሰኘት ራሱ ሌላ ጥፋት ካልሆነ።

ሌንሴ እባላለሁ፤ የሰበታ ልጅ ነኝ። ያደረግኩት ነገር አጭር ነው። ለጓደኛዬ ሳነብላት ዘለልኩ። በቃ፣ ዘለልኩ። አልሰረቅኩም፣ ሰው አልጎዳሁም እያልኩ ራሴን ሳባብል ከርሜያለሁ። ግን እንደዚያ ትንሽ ከሆነ እስካሁን ለምን አልለቀቀኝም? አንዳንዴ ከጥፋቴ ይልቅ ይሄ ጥያቄ ነው የሚገርመኝ።

እስቲ ከሥሩ ልጀምር።

እኛ ሰፈር አጠገብ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች እየሄድን ለተማሪዎቹ እናነብላቸዋለን። በብሬል ያልወጣ መጽሐፍ፣ የድሮ ፈተና፣ አንዳንዴም የፍቅር ደብዳቤ (እሱን ሳነብ ፊቴ በርበሬ ይመስላል፤ ደግነቱ አድማጯ አታይም፣ ግን ከድምፄ ታውቃለች)። አንባቢና አድማጭ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አድማጯ እጇን ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች። ማንም ያልጻፈው፣ ከትልልቆቹ አንባቢዎች የወረስነው አንድ ሕግ አለን። ሥዕል ሲያጋጥምሽ፣ ያልገባሽ ቃል ሲመጣ፣ ወይም ሰልችቶሽ አንድ ነገር ልታልፊ ስትይ፣ የአድማጯን የእጅ ጀርባ በጣትሽ መታ ታደርጊያለሽ። "እዚህ ጋ የቀረ አለ" ማለት ነው። እሷ ከፈለገች "ምንድነው?" ትልሻለች፤ ካልፈለገች "ቀጥይ" ትልሻለች። መዝለል ክልክል አይደለም። ሳይነኩ መዝለል ነው ክልክሉ።

መሠረትን ያወቅኳት በዚህ ነው። መሲ ከሆሳዕና ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጣችው፤ ወንድሟ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ከእኔ ትንሽ ትበልጣለች። እሷ ቸርች መዘምራን ውስጥ ናት፣ እኔ ማርያም ነው የምሳለመው፤ ብስኩት ባቀረብኩላት ቁጥር "ዛሬስ ይበላል ወይስ እናንተ ጋ ፆም ነው?" ብላ ታሾፍብኛለች። ስትስቅ ሙሉ ሰውነቷ ነው የሚስቀው።

አና የምትባል ፈረንጅ ደግሞ ነበረች። ሱሉልታ ነው የምትኖረው። ቡራዩ ጀርባ ሥራ ያቆመ የድንጋይ ማውጫ አለ፤ ተቆርጦ ተቆርጦ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቀረ ገደል። አና እዚያ ላይ ብሎን መትታ፣ ገመድ አስራ፣ ልጆች ታወጣ ነበር። መጀመሪያ ቀን "ላይ ምን አለ?" ብዬ ጠየቅኳት። "ምንም" አለችኝ። "ታዲያ ለምን ይወጣል?" ስላት "ውጪና ንገሪኝ" አለች። እንዲህ ዓይነት መልስ ይገድለኛል! ወጣሁ። ላይ ምንም የለም። ግን በነጋታውም መውጣት ፈለግኩ።

መሲን የወሰድኳት እኔ ነኝ። ከሁላችንም የበለጠች እሷ ሆና አረፈች። ድንጋይ ፈላጮቹ በመሮ የበሷቸው ጉድጓዶች ገደሉ ላይ ቀርተው ነበር፤ እኛ ከታች አናያቸውም፣ እሷ በጣቷ እየፈለገች ታገኛቸዋለች። "ሌንሴ፣ ይሄ እኮ ብሬል ነው! ሰው ትልቅ አድርጎ የጻፈው ብሬል!" ብላ ከላይ ጮኸች። እኔ ከታች ሆኜ የምትይዘው በየት በኩል እንዳለ በሰዓት እጅ አቅጣጫ እነግራታለሁ። እዚህ ላይ ከአና ጋ ተጣላን። አና ቀጥ ብሎ ወደ ላይ "ዐሥራ ሁለት ሰዓት" ነው ትላለች። መሲ ደግሞ "ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትንሹ የሰዓት እጅ ወደ እግሬ እኮ ነው የሚያመለክተው፤ ራሴ ላይ የሚቆመው ስድስት ሰዓት ነው" አለች። ልክ ናት። በእኛ ሰዓት ተስማማን። "ስምንት ሰዓት፣ ቀኝ እጅ፣ ክንድሽን ዘርጊ!" እያልኩ አወጣታለሁ። ከእኔ ድምፅ በቀር ሌላ ነገር አልነበራትም። ይቺን ዓረፍተ ነገር አሁን ስጽፋት ነው የከበደችኝ።

አንድ ቀን አና ብሥራት ይዛ መጣች። አገሯ ያሉ ጓደኞቿ ተባብረው ሰኔ መግቢያ ላይ መሲንና እኔን አውሮፓ ሊወስዱን ነው። ዓለት መውጣት ስፖርት የሆነበት፣ ሰው ለዚሁ ብሎ ሻንጣ ይዞ የሚሄድበት ቦታ! አና ሁለት ቦታ አሰበች። አንዱ ካሊምኖስ የሚባል የግሪክ ደሴት ነው። አንዱ ፍራንከንዩራ የሚባል የጀርመን ጫካ። "የምትወጣው መሲ ናት፣ የምትመርጠውም መሲ ናት" አለች። ስለ ቦታዎቹ የሚናገር ጽሑፍ ልታመጣልንና ቁጭ ብለን ልንወያይ ቀጠርን።

ቀጠሮው ፈረሰ። አዲስ አበባን ወደ መሬታችን ሊያሰፋ የነበረው ማስተር ፕላን ቀርቷል ቢባልም ግርግሩ አልቀረም። ቡራዩ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ታክሲ የለም፤ ትምህርት ቤት ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል። አባቴ ኦቦ ደጀኔ ማሳው ዳር ቆሞ "ሳይጠይቁን! አንድ ቃል ሳይጠይቁን መሬታችን ላይ መስመር አሰመሩ!" ይላል። ይሄን በየቀኑ እየሰማሁ ነው እንግዲህ ያደረግኩትን ያደረግኩት። ጆሮ እያለኝ።

አና ጽሑፉን በወንድሜ በገመቹ ስልክ ላከችው። ገመቹ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ቤት ነበር። ኔትወርኩ መጣ ሄደ እያለ ሲጫን አብረን አየነው። ስለ ጀርመኑ ጫካ የሚለው ጋ ሲደርስ ዓይኑ በራ። "ዱጉማ! በእውነት! ሌንሴ፣ ይሄ ድንጋይ እኮ ለመሲ የተሠራ ነው!" አለ። እኔም አነበብኩት። ገብቶኛል። እንግሊዝኛው ከበደኝ ብዬ እንዳላመልጥ ነው ይሄን የምነግራችሁ። ገብቶኛል።

ከዚያ ጎረምሶች ይለቀማሉ ተባለና እናቴ ገመቹን ተፍኪ አክስቴ ጋ ላከችው። ስልኩን ለእኔ ተወልኝ። ሌሎቹ እያለቀሱ ሲሸኙት እኔ ምን እንደተሰማኝ ታውቃላችሁ? ፈራሁለት፣ አዎ። ግን ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር ነበር፦ "እንግዲህ ከእኔ በቀር ጽሑፉን ያነበበ ሰው እዚህ የለም" የሚል ሐሳብ። ወንድሜ ነፍሱን ሊያድን ሲሄድ እኔ ተመቸኝ። እኔ።

ለምን? ባሕር አይቼ ስለማላውቅ። ሳቁብኝ። ብዙ ውኃ አንድ ላይ ያየሁት ለገዳዲ ግድብ ነው፤ እሱም ወዲያ ማዶው ይታያል። ማዶ የሌለው ውኃ ምን ይመስላል? ይሸታል? ሲመሽ የት ይገባል? ካሊምኖስ ደሴት ነው። ዓለቱን ወጥተሽ ስትጨርሺ ወርደሽ ትዋኛለሽ ይላል። ፍራንከንዩራ ያለው ዛፍ ነው። ዛፍ ሰበታም አለ።

ወደ መሲ ሄድኩ። ትምህርት ቤቷ ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥን። እጇን ዘረጋች። መጀመሪያ ስለ ካሊምኖስ አነበብኩ፣ ወደ አማርኛ እየመለስኩ። ስለ ባሕሩ ሲሆን ድምፄ ራሱ ዘፈነ። ከዚያ "በሰኔ ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ አይነካም፤ ነፋሱም ድምፅ ይወስዳል" የሚል ደረሰ። ዘለልኩት። እጇን አልነካሁም። ቀጥሎ ስለ ጀርመኑ አነበብኩ፤ ጥላ እንደሆነ፣ ጸጥ ያለ እንደሆነ፣ ዓለቶቹ አጫጭር እንደሆኑ። ይህን ሁሉ አነበብኩ፣ ግን የቀበሌ ማስታወቂያ እንደማነብ አድርጌ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ያ መስመር መጣ። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ጉድጓዶቹ የሚናገረው። ገመቹን ያስጮኸው መስመር። ዘለልኩት። እጇ አጠገቤ ነበር። ጣቴ ሥር ማለት ይቻላል። አልነካሁትም።

መሲ "ድንጋዩስ? ስለ ድንጋዩ ምንም አይልም?" አለች።

እዚህ ላይ መመለስ እችል ነበር። ራሷ በሩን ከፈተችልኝ እኮ!

"እንደማንኛውም ድንጋይ ነው" አልኳት።

"እንግዲያው ባሕሩ ይሁና! አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"የመረጥሽው አንቺ ነሽ" አልኩ። እንዲህ ብዬ አረፍኩ። ዘልዬ፣ ዋሽቼ፣ ከዚያ ምርጫውን እሷ ላይ ጫንኩት።

ማታ አና ደወለች፤ ድምፁ ይቆራረጣል። መሲ ባሕሩን መረጠች አልኳት። "ሁሉንም አነበብሽላት?" አለችኝ። ጀርመኑን አለመምረጧ ገርሟታል መሰለኝ። "አዎ፣ ሁሉንም" አልኩ። አና "እሺ፣ ጠዋት ጠዋት እንወጣለን፣ ሙቀት ስለሆነ" አለች። አምናኛለች። ሰው ሁሉ ያምነኝ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የማነብ ልጅ ነበርኩ።

ሁሌ የምጠይቀው ግን ምን መሰላችሁ? ብለምናትስ? "መሲዬ፣ እዚያ ለአንቺ የሚሻል ድንጋይ አለ፣ እኔ ግን ባሕር አይቼ አላውቅም፣ ለእኔ ስትይ" ብላትስ? እሺ ትለኝ ነበር። መሲን አውቃታለሁ፤ እየሳቀች እሺ ትለኝ ነበር። በነፃ የሚሰጠኝን ነገር ነው የሰረቅኩት። ይሄ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚያሰኘኝ? እስካሁን እያጠናሁት ነው።

ሄድን። ባሕሩን አየሁት። ልዋሻችሁ አልችልም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። ማዶ የለውም! ይሸታል፣ እንደ እርጥብ ብረት ነገር። ጨው ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፣ ግን እንደዚያ ጨው ነው አላለኝም ማንም! ልብሴን እንደለበስኩ ገብቼ ጮህኩ።

መሲ ግን ወደቀች። ዓለቱ ላይ የድንጋይ ዘንጎች እንደቀለጠ ሻማ ተንጠልጥለዋል፤ የሚታቀፉ ናቸው እንጂ በጣት የሚነበቡ አይደሉም። ጠዋት ጠዋት ጥላ ነበረ፣ ግን ነፋሱ ድምፄን ወሰደው። ፍየሎች ቃጭል ይዘው ያልፋሉ፣ ሞተር ሳይክል ከታች ያጓራል፣ አጠገባችን በየቋንቋው ይጮኻሉ። "ስምንት ሰዓት!" ስል "ስንት?" ትላለች። ስትንጠለጠል ክንዷ ይዝላል፣ ትለቃለች። ደጋግማ ወደቀች። ገመዱ ይይዛታል፣ አልተጎዳችም። አንድ ቀን ከሰዓት ላይ ፀሐይ የዞረበትን ግድግዳ ነካችና እጇን ቶሎ መለሰችው። ያ የዘለልኩት መስመር ነበር። መሲ በመዳፏ አነበበችው።

ከዚያ በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ፈታች። "እኔ ለካ የምችለው ቡራዩን ብቻ ነው" አለች። አልተማረረችም። እንደ ፈተና ውጤት ነው የተናገረችው። አና "ቦታው ነው፣ አንቺ አይደለሽም" አለቻት፤ መሲ አናን ለማጽናናት የምትለው መሰላት። እኔ ማስረጃውን ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ገመዱን መጠቅለል ጀመርኩ።

ማታ ባሕሩ ዳር እጄን ይዛ እስከ ጉልበቷ ገባች። "ምን ይመስላል? ሳታስቀሪ ንገሪኝ" አለችኝ። ነገርኳት። ቀለሙን፣ ጀልባዎቹን፣ የመብራቱን መንቀጥቀጥ፤ አንዲት ነገር አላስቀረሁም። ለአንድ ሰው እንደዚያ አድርጌ ነግሬ አላውቅም። ካሁን ካሁን ይካስልኛል ብዬ ይሆን? "ጥሩ ቦታ መረጥኩ አይደል?" አለች። "በጣም" አልኳት።

ስንመለስ ክረምቱ ገብቶ ነበር። ነገሩ ባሰ፤ ኔትወርክ ጠፋ፤ አናን የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ወደ አገሯ ጠሯትና ሄደች። ገመቹ በሰላም ከተፍኪ ተመለሰ። "ለምን ጀርመኑን አልመረጠችም?" ብሎ ጠየቀኝ። "ባሕር ወደደች" አልኩት። መሲ ዓለት መውጣት ተወች። ጫማዋን ለአንዲት ተማሪ ሰጠች። እኔም ተውኩ፤ የሚሰማኝ ሳይኖር ሰዓት ለማን ልጥራ?

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጉንጬ ውስጥ ይዤው እኖር ነበር። መሲ አሁን መምህርነት እየተማረች ነው። ባለፈው ልትጠይቀን መጣችና ትምህርት ቤቱ ግቢ ገባን። ሐና የምትባል ጢንጥዬ ልጅ፣ ያን ጫማ የወረሰችው፣ እየዳበሰች መጣች። "እትዬ መሲ፣ እኔም እንደ አንቺ ውጪ አገር ሄጄ ድንጋይ እወጣለሁ!" አለች። መሲ ተንበርክካ ፀጉሯን አስተካከለችላት። በጣም በፍቅር ነው የተናገረችው። "ቡራዩ ላይ ውጪ የኔ ቆንጆ። ውጪ አገሩን ግን አታስቢው፤ እኔ ሄጄ ሞክሬዋለሁ። ለእኛ የሚሆን ዓለት የለም።"

ለእኛ የሚሆን ዓለት የለም።

አለ እኮ! አለ። በስሙ አውቀዋለሁ። የት እንዳለ አውቃለሁ። ይሄን ዓለት ከዓለም ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ከመሲ፣ አሁን ከሐና። የዘለልኩት መስመር እንደዚህ እየረዘመ እንደሚሄድ አላውቅም ነበር። ባውቅስ እተወው ነበር? ያኔ ላይ ሆኜ ራሴን ስጠይቃት፣ ያቺ ሌንሴ ባሕር ባሕር ትለኛለች።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሐናም ልጅ ናት። ጊዜው የግርግር ነበር አልልም፤ ግርግሩ መንገድ ዘጋ እንጂ አፌን አልዘጋውም። ይቅርታ አድርጉልኝም አልላችሁም፤ የዘለልኩት በእናንተ ላይ አይደለም። ይቅርታው የመሲ ነው፣ ልትሰጠኝም ልትከለክለኝም።

ይሄን የጻፍኩት ለእሷ ነው። እሷ ደግሞ ሰው ካላነበበላት አትሰማውም። ስለዚህ የማነብላት እኔ ነኝ። የፊታችን ቅዳሜ፣ እዚያው ባሕር ዛፍ ሥር። ለገመቹ ትናንት ነገርኩት፤ "እመጣለሁ" አለ። ግልባጩን ይዞ በሌላ ጎኗ ይቀመጣል፣ በዓይኑ ይከተለኛል። አንዲት ቃል ብዘል እጇን መታ የሚያደርገው እሱ ነው። ሐናም ትኖራለች።

የማነበው ግን ከላይ ጀምሬ አይደለም። ከዚህ ነው፣ ከመጨረሻው። ያንን መስመር ገመቹ ስልኩ ላይ እስካሁን አላጠፋውም። ምንም ሳላስቀር ወደ አማርኛ መልሼ ይኸውላችሁ፦

"የፍራንከንዩራ ዓለት በጣት ልክ በሆኑ ጉድጓዶች የተሞላ ነው። ብዙዎቹ ከታች ሆኖ ለሚመለከት አይታዩም፤ የሚገኙት በመዳሰስ ነው።"